ሴንሰሩን ከመፍታት በፊት

የሞተር ሙቀት ሴንሰር መቀየር ቀላል ሥራ ነው። ሶኬቱን ነቅሎ አሮጌውን መፍታትና አዲሱን ማሰር ረዳትም አያቅተውም። ሙያ የሚፈተነው ከዚያ በፊት ነው፤ ሴንሰሩ መቀየር አለበት ወይ?

ደንበኛ ሲመጣ አቤቱታው ይታወቃል፦ ጠዋት አልነሳም ይላል፣ ቤንዚን ይበላል፣ ፋኑ አያርፍም። ሦስቱም ከአንድ ቦታ ሊመነጩ ይችላሉ። ሴንሰሩ ሲሞቅ የኤሌክትሪክ መቋቋሙ ይቀንሳል፤ በብዙ የቶዮታ ሞተሮች በ20 ዲግሪ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ኦህም የሆነው፣ በ80 ዲግሪ 300 ኦህም ገደማ ይደርሳል። ኮምፒውተሩ ቤንዚን የሚመጥነው ይህን እያየ ነው። የሞቀው ሞተር ቀዝቃዛ መስሎ ከታየው ቤንዚን ያበዛል፤ መረጃው ጨርሶ ከተቋረጠ ደግሞ ብዙ መኪኖች ለጥንቃቄ ፋኑን ያስነሳሉ።

ስካነሩ «ፒ0118» ሲል ብዙ ጋራዥ ወዲያው ሴንሰር ያስገዛል። ኮዱ ግን የሚናገረው ስለ መስመሩ በሙሉ ነው፤ የተበጠሰ ሽቦም ያንኑ ኮድ ያመጣል። ስለዚህ ሁለት ሽቦ ባለው ሴንሰር ላይ ሶኬቱን ነቅዬ የሽቦውን ሁለት ጫፎች አገናኛለሁ። ስካነሩ ላይ ከዜሮ በታች 40 ያለው ንባብ ከ100 በላይ ከዘለለ መስመሩ ደህና ነው፤ ያኔ ሴንሰሩን እጠረጥራለሁ። ካልተንቀሳቀሰ አዲስ ሴንሰር መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

ሲፈታ ሞተሩ የግድ ይቀዝቅዝ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። በሞቀ ሞተር ውስጥ ያለውን ውሃ ከመፍላት የሚያግደው የራዲያተሩ ክዳን የያዘው ግፊት ነው፤ ክዳኑን በትኩሱ የከፈተ ሰው ፊቱን ያስለበልባል።

አንድ ሽቦ ብቻ ያለው የጌጅ ሴንሰር ኔጌቲቭ የሚያገኘው በጥርሱ በኩል ነውና ቴፍሎን አይጠምጠምበት። ከታሰረ በኋላ ኩላንት ሞልቶ አየሩን ማስወጣት አይዘለልም። ሴንሰር የሚለካው የነካውን ብቻ ስለሆነ፣ ዙሪያውን አየር ከያዘው ሞተሩ እየተቃጠለ ጌጁ ዝቅ ብሎ ሊታይ ይችላል።

ባለመኪኖች፣ «ሴንሰሩ ሞቷል» ስትባሉ በምን እንደታወቀ ጠይቁ። የለካ መካኒክ ቁጥሩን ያሳያችኋል፤ ያልለካው በእናንተ ገንዘብ እየገመተ ነው።