የመሠረቱ ድምፅ፦ የኦፔራ ባሶችና የሩሲያ ኦክታቪስቶች

ስለ ጎርናና የወንድ ድምፅ ሲነሳ አብዛኛው አድማጭ ቶሎ የሚጠይቀው «ከሁሉም ዝቅ ብሎ የዘፈነው ማን ነው?» ብሎ ነው። የዓለም ክብረ ወሰን መዝገብም ይህንኑ ጥያቄ ያጠናክራል። አሜሪካዊው ቲም ስቶርምስ በ2012 (ዓመታቱ በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) ያስመዘገበው ድምፅ 0.189 ሄርዝ ነው። የሰው ጆሮ ግን ከ20 ሄርዝ በታች ያለውን እንደ ዜማ አይሰማም። ክብረ ወሰኑ በመሣሪያ ተለካ እንጂ በጆሮ አልተደመጠም። የዚህ ዳሰሳ መከራከሪያ፣ የጥልቅ ድምፅ ዋጋ የሚመዘነው በወረደበት ልክ ሳይሆን በሙዚቃው ውስጥ በሚሠራው ሥራ ነው የሚል ነው። ይህን ለማሳየት የምዕራብ አውሮፓን ኦፔራና የሩሲያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን መዘምራን ጎን ለጎን እናያለን።

የድምፅን ከፍታና ዝቅታ የሚወስነው የድምፅ አውታሮች በሴኮንድ የሚርገበገቡበት ብዛት ነው። አውታሮቹ ረዘምና ወፈር ሲሉ እርግብግቢቱ ይዘገያል፤ ድምፁም ይጎረንናል። የኅብረ ዝማሬ ባስ አብዛኛውን ጊዜ 82 ሄርዝ አካባቢ ሲደርስ አቅሙ ያልቃል። ችግሩ በዚህ አያበቃም። ጆሯችን ለዝቅተኛ ድምፆች ደካማ ስለሆነ ዘፋኙ በወረደ ቁጥር የመሰማት ዕድሉ ይቀንሳል። ማይክሮፎን በማያውቀው የኦፔራ መድረክ ላይ ይህ ትልቅ ፈተና ነው።

ሞዛርት ፈተናውን እንዴት እንደተወጣው በ1791 ለመድረክ የበቃው «አስማታዊው ዋሽንት» ያሳያል። ሊቀ ካህኑ ሳራስትሮ ወደ አማልክቱ ኢሲስና ኦሲሪስ በሚጸልይበት ዜማ ቫዮሊኖቹ ጸጥ ይላሉ። የሚያጅቡት ቫዮላና ቼሎ፣ ባሴት ሆርን፣ ባሱንና ትሮምቦን ናቸው። ከላይ የሚያበራው የድምፅ ቀለም ሲነሳ ባሱ ሳይጮህ ይሰማል፤ በሌላ የዜማው ክፍል እስከ 87 ሄርዝ ሲወርድም ግርማው አይጎድልም። ይኸው ሞዛርት በ1782 ለታላቁ ባስ ሉድቪሽ ፊሸር የጻፈለት የዘበኛው የኦስሚን ሚና ደግሞ እስከ 73 ሄርዝ ይወርዳል። እዚያ ግን ጥልቀቱ የሚያገለግለው ቁጣንና ፉከራን ነው። ቬርዲ በ1867ቱ «ዶን ካርሎስ» ንጉሥ ፊሊጶስንና የዘጠና ዓመቱን ዕውር መርማሪ ካህን ፊት ለፊት ሲያገናኝ ሁለቱንም ባስ አደረጋቸው። የዙፋንና የመንበር ፍጥጫ በሁለት ጎርናና ድምፆች ይካሄዳል፤ በመጨረሻም ንጉሡ እጅ ይሰጣል። ሦስቱም ምሳሌዎች አንድ ነገር ያረጋግጣሉ። በኦፔራ ጥልቅ ድምፅ ባለስም ሰው ነው፤ ካህን፣ ዘበኛ፣ ንጉሥ፣ ወይም መርማሪ።

በሩሲያ ቤተ ክርስቲያን ነገሩ ሌላ ነው። በቅዳሴ የሙዚቃ መሣሪያ ስለማይፈቀድ ምዕራባውያን ለኦርጋን ግዙፍ ቧንቧዎች የሰጡትን ሥራ የሚሠራው የሰው ጉሮሮ ነው። ኦክታቪስቱ ከባሶቹ አንድ ኦክታቭ ዝቅ ብሎ ያንኑ ዜማ ይደግማል። 58 ሄርዝ ላይ ሲቆም በድምፁ ውስጥ 116፣ 175 እና 233 ሄርዝ የሚጠጉ ተደራቢ ድምፆች አብረው ይወጣሉ። እነዚህም ሌሎቹ ባሶችና ቴነሮች ከሚይዟቸው ድምፆች ጋር ይገጥማሉ። ስለዚህ አድማጩ ኦክታቪስቱን ለይቶ ባይሰማው እንኳ መላው ኅብረ ዝማሬ ሰፍቶና ጸንቶ ይሰማዋል። እንደ ቤት መሠረት ነው፤ ባይታይም ግድግዳው የቆመው በእሱ ላይ ነው።

የዚህ ጥበብ ከፍተኛ ማሳያ ሰርጌይ ራኽማኒኖፍ በ1915 የጻፈውና በዚያው ዓመት የሞስኮ ሲኖዶስ መዘምራን ያቀረቡት «የሌሊት ጸሎት» ነው። አምስተኛው ክፍል የአረጋዊው ስምዖን ጸሎት ነው፤ ያየውን ካየ በኋላ በሰላም ለመሰናበት የተዘጋጀ ሽማግሌ ቃል። ጸሎቱን የሚመራው ብቸኛ ቴነር ነው። በመጨረሻ ግን ባሶቹ ደረጃ በደረጃ፣ እጅግ ለስላሳ በሆነ ድምፅ፣ እስከ 58 ሄርዝ ይወርዳሉ። ራኽማኒኖፍ በኋላ እንዳስታወሰው፣ የመዘምራኑ መሪ ኒኮላይ ዳኒሊን ይህን ቦታ ሲሰማ እንዲህ ያሉ ባሶች ከየት ይመጣሉ ብሎ ተጠራጥሮ ነበር። አቀናባሪው ግን የአገሩን ሰዎች ድምፅ ያውቃል። ቁልቁለቱ የችሎታ ማሳያ ቢሆን ኖሮ በጉልበት ይዘመር ነበር፤ ለስላሳ የሆነው ከሕይወት መሰናበትን ስለሚገልጽ ነው።

የፓቬል ቼስኖኮፍ ሥራ መከራከሪያችንን በተወሰነ ደረጃ ይፈትናል። በእርጅና ዘመን እንዳይጣል የሚለምነውን የመዝሙረ ዳዊት ቃል ሲያቀናብር ኦክታቪስቱን ከመዘምራኑ አውጥቶ ብቸኛ ዘማሪ አደረገው፤ እስከ 49 ሄርዝም አወረደው። መሠረቱ ራሱ ሲናገር የምንሰማው እዚህ ላይ ነው። ሆኖም የሚናገረው ባለሥልጣን አይደለም፤ የሚማጸን አዛውንት ነው። ጥልቀት በኦፔራ ሥልጣንን ሲያጎላ፣ እዚህ ድካምን ይናዘዛል።

ከሩሲያ አብዮት በኋላ መንፈሳዊ ዝማሬ ከአደባባይ ሲገፋ ሁለቱ ባህሎች በአንድ ሰው ተገናኙ። ማክሲም ሚኻይሎፍ ዲቁናውን ትቶ በ1932 የቦልሾይ ቴአትር ባስ ሆነ። ቆይቶም የፊልም ዳይሬክተሩ አይዘንስታይን «ኢቫን አስፈሪው»ን ሲሠራ በንግሥ ሥርዓቱ ትዕይንት ላይ ዲያቆን ሆኖ ታየ። መንግሥት ከመቅደስ ያራቀው ድምፅ ለሲኒማ ተፈለገ።

ዛሬ ኦክታቪስቶች ወደ አድማጭ የሚደርሱት በአብዛኛው በተቆራረጡ ቅጂዎች ነው፤ ዝቅተኛው ድምፅ ብቻ ተነጥሎ፣ ማይክሮፎን ተጠግቶለት። ይህ አሰማም ሙያውን ያዛባል። በኅብሩ ውስጥ እንዲሠራ የተጻፈ ድምፅ ተነጥሎ ሲቀርብ ከትርዒትነት አያልፍም። የመዘምራን መሪም ሆነ ሃያሲ ሊጠይቅ የሚገባው ከታች ያለው ድምፅ ቢጎድል ከላይ ያለው ምን ያህል እንደሚላላ ነው። የራኽማኒኖፍን አምስተኛ ክፍል ኦክታቪስት በሌለው ኅብረ ዝማሬ የሰማ ሰው መልሱን አያጣውም፤ ሽማግሌው ጸሎቱን ጀምሮታል፣ ግን አልተሰናበተም።