ትንፋሽ እንደ ከበሮ፦ የማይክል ጃክሰን የመጨረሻው ፈር ቀዳጅ አልበም የትኛው ነው?

ስለ ማይክል ጃክሰን ሲጻፍ ሳይመረመር ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የኖረ አንድ ፍርድ አለ። ፍርዱ እንዲህ ይላል፦ «ትሪለር» (እ.ኤ.አ. 1982) የዓለምን ሙዚቃ ቀየረ፤ «ባድ» (1987) የተቀየረውን አጸና፤ «ዴንጀረስ» (1991) ግን ዘመን እንዳያመልጠው የፈራ ኮከብ ሌሎች በቀደዱት ፈር ላይ የሮጠበት ሥራ ነው። በዚህ ቆጠራ ጃክሰን የሙዚቃን አቅጣጫ ለመጨረሻ ጊዜ የወሰነው በ«ባድ» ነው። ጠበቅ የሚያደርጉት ደግሞ ከ«ትሪለር» ወዲህ አንድም አልበሙ ፈር አልቀደደም ይላሉ። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ከሁለቱም ወገኖች ጋር ነው። የጃክሰን የመጨረሻው ፈር ቀዳጅ አልበም «ዴንጀረስ» ነው። ፍርዱ የተዛባው ፈራጆቹ የአልበሙን ልብስ እያዩ ትንፋሹን ሳያዳምጡ በመቅረታቸው ነው።

በመጀመሪያ ለተቃራኒው ወገን የሚገባውን ልስጥ። በ1991 ኒው ጃክ ስዊንግ የሚባለው ስልት እንግዳ አልነበረም። የሀርለሙ ልጅ ቴዲ ራይሊ በ1987 ከኪት ስዌት ጋር፣ በ1988 ደግሞ ጋይ ከተባለው የራሱ ቡድን ጋር ስልቱን አደባባይ አውጥቶት ነበር። ቦቢ ብራውንም በዚያው በ1988 «ዶንት ቢ ክሩዌል» በተባለው አልበሙ ከመንደር ጭፈራ ቤት ወደ ትልቁ ገበያ አሻግሮታል። የጃክሰን ታናሽ እህት ጃኔት ከሚኒያፖሊሶቹ ጂሚ ጃምና ቴሪ ሉዊስ ጋር በ1986 እና በ1989 ባወጣቻቸው ሁለት አልበሞች የማሽን ምትንና የብረት ድምፅን ከዳንስ ጋር አዋህዳ አሳይታለች። በጥር 1992 ደግሞ ኒርቫና የተባለው የሮክ ቡድን «ኔቨርማይንድ» አልበም የጃክሰንን አልበም ከቢልቦርድ አንደኛ ደረጃ አወረደው። ብዙዎች ይህን የአንድ ትውልድ መሰናበቻ አድርገው ቆጥረውታል። ጥያቄው «ማን ቀድሞ ለበሰው?» ከሆነ እንግዲህ ክርክሩ እዚህ ላይ ያበቃል። ፈር መቅደድ ግን ቀድሞ መልበስ ብቻ አይደለም። ከኋላ የሚመጡ ሠሪዎች ሥራቸውን የሚሠሩበትን መንገድ መለወጥም ፈር መቅደድ ነው።

ጆሮዬ በዚህ ጉዳይ ገለልተኛ እንዳልሆነ አንባቢ ይወቅልኝ። «ዴንጀረስ»ን መጀመሪያ የሰማሁት ከሰው ሰው በተቀዳ የስድሳ ደቂቃ ካሴት ነው። አልበሙ አሥራ አራት ዘፈኖች አሉት፤ ርዝመቱም ወደ ሰባ ሰባት ደቂቃ ይጠጋል። በስድሳ ደቂቃ ካሴት ሲቀዳ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ዘፈኖች «ሀ» ገጹን ልክ ይሞሉታል፤ «ለ» ገጹ አምስት ዘፈኖችን ይይዝና የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ይቀራሉ። እነዚያ ስድስት ዘፈኖች ጃክሰን ከራይሊ ጋር የሠራቸው ናቸው። ለእኔ «ዴንጀረስ» ማለት ለዓመታት የካሴቱ «ሀ» ገጽ ነበር። ኋላ ሙሉውን ሳገኘውም አስተያየቴ አልተለወጠም፤ የአልበሙ ነፍስ ያለችው በዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ ነው።

አልበሙ የሚከፈተው በሚሰበር መስታወት ድምፅ ነው። ከዚያ «ጃም» ይገባል። እዚህ ጋ ቃላቱን ትቶ በቃላቱ መካከል ያለውን ማዳመጥ ያስፈልጋል። ጃክሰን ቃሉን ሳይጨርስ ይቆርጠዋል። በተቆረጠው ቦታ ላይ ትንፋሽ ይገባል፤ አንዳንዴ ወደ ውስጥ የሚሳብ፣ አንዳንዴ በጥርስ መካከል የሚወጣ፣ አንዳንዴም እንደ ስቅታ ያለ። ይህ ትንፋሽ የደከመ ዘፋኝ ትንፋሽ አይደለም። ቦታ አለው፤ በድራም ማሽኑ ምቶች መካከል የቀረውን ክፍተት እየፈለገ ይሞላል። ድምፁን ከዘፈኑ አውጥተን ትንፋሹን ብቻ ብናስቀር ምቱን ጠብቀን መጨፈር እንችላለን።

ይህ ለእኛ ጆሮ እንግዳ ሊሆን አይገባም። እስክስታ የሚወርድ ሰው ትከሻውን ሲሰብቅ በጥርሱ መካከል የሚያወጣውን «እስ… እስ…» የሚል ትንፋሽ አስቡት። ያ ትንፋሽ ከከበሮው ጎን የሚመታ ሌላ ከበሮ ነው። ዳንሰኛው ዝም ብሎ ትከሻውን ብቻ ቢያንቀሳቅስ ጭፈራው ግማሽ ይሆናል። ጃክሰን ዳንሰኛ ስለነበር ትንፋሽ የሙዚቃው አካል እንደሆነ ያውቅ ነበር። በስቱዲዮ የተለመደው አሠራር ግን የዘፋኙን ትንፋሽ፣ የጣቱን ድምፅና የእግሩን ምት ከቅጂው ላይ ማጥራት ነው። የጃክሰን የድምፅ መሐንዲስ ብሩስ ስዊዲን ተቃራኒውን አደረገ፤ ዘፋኙን በእንጨት መድረክ ላይ አቁሞ የእግሩ ምት ጭምር በቅጂው እንዲቀር ፈቀደ።

እርግጥ ነው፣ ትንፋሹ በ1991 አልተወለደም። በ«ኦፍ ዘ ዎል» (1979) ውስጥ ያለው «ወርኪንግ ዴይ ኤንድ ናይት» የሚጀምረው በትንፋሽና በአፍ ምት ነው፤ በ«ቢሊ ጂን» ያለውን ስቅታም የማያውቅ የለም። ልዩነቱ ከጀርባ ባለው ላይ ነው። አልበሞቹን አቀናባሪው ኩዊንሲ ጆንስ በሚመራበት ዘመን ከጃክሰን ጀርባ የሚጫወቱ ሰዎች ነበሩ፤ ከበሮ መቺው ብዙ ጊዜ ሰው ስለነበር ትንፋሹ በሰው መካከል ያለ ጌጥ ነበር። በ«ዴንጀረስ» የመጀመሪያ ግማሽ ከጀርባ ያለው በአብዛኛው ማሽን ነው። ትንፋሹ ከጌጥነት ወደ ምሰሶነት የተሸጋገረውም በዚህ ምክንያት ነው። የጃኔት አልበሞች ለዚህ ማነጻጸሪያ ይሆናሉ። እዚያ የብረቱ ድምፅ ዘፋኟን የከበበ ፋብሪካ ነው፤ እሷ በመሃሉ ቆማ ትዘፍናለች። እዚህ ግን ዘፋኙ ራሱ ከፋብሪካው መዘውሮች አንዱ ሆኗል።

የራይሊ ምት ለዚህ እጅግ የተመቸ ነበር። ኒው ጃክ ስዊንግ ድራም ማሽኑን እኩል እኩል አያስረግጠውም፤ በምቶቹ መካከል ያለውን ጊዜ አንዱን ረዘም፣ አንዱን አጠር አድርጎ ይከፍለዋል። ውጤቱ እየተወዛወዘ የሚሄድ፣ በሦስት የመከፈል ዝንባሌ ያለው እርምጃ ነው። በችክችካ ያደገ ጆሮ ይህን ውዝዋዜ ቶሎ ይለየዋል። አንዱ ከሌላው ተወስዷል ማለቴ አይደለም፤ ያልተስተካከለ እርምጃ ለትከሻ የሚሰጠውን ጥሪ ስለምናውቅ ብቻ ነው። «ሺ ድራይቭስ ሚ ዋይልድ» የተባለው ዘፈን ይህን ወደ ጎዳና ያወጣዋል፦ የመኪና ጥሩምባና የሞተር ድምፅ በከበሮ ቦታ ገብተዋል። ጃክሰን በዚህ ጩኸት መካከል ድምፁን አያገንንም፤ እንደ አንድ ተጨማሪ ጥሩምባ አጭር አጭር አድርጎ ይጥለዋል።

«ሪሜምበር ዘ ታይም» የዚህ ሁሉ ጫፍ ነው። ዘፈኑን ክሊፑ ጎድቶታል። ጆን ሲንግልተን ያዘጋጀው የፈርዖን ቤተ መንግሥት፣ ኤዲ መርፊና ኢማን ዓይንን ስለያዙ ጆሮ ሥራውን ሳይሠራ ቀርቷል። የአልበሙን ቅጂ ወስዶ የመጨረሻዋን ደቂቃ ማዳመጥ ይገባል። ተቀባዮቹ አዝማቹን ይዘው ይቀጥላሉ፤ ጃክሰን ከላያቸው ቃል ወዳልሆነ ነገር ይሻገራል። ፊደላት ይሰባበራሉ፣ ይደጋገማሉ፣ ይጋጫሉ። የተቀባዮቹም ድምፅ የራሱ ነው፤ ድምፁን በድምፁ ላይ እየደራረበ ቀድቶታል። አንድ ሰው መሪም፣ ተቀባይም፣ ከበሮም ሆኖ የሚሰማበት ደቂቃ ነው።

ይህ ችሎታ ከአፈጣጠር ዘዴው የመጣ ነው። ጃክሰን ዜማ የሚደርሰው መሣሪያ ላይ ተቀምጦ አልነበረም፤ የቤዙን፣ የከበሮውንና የማጀቢያውን ድርሻ አንድ በአንድ በአፉ እያሰማ ይቀዳ ነበር። በየካቲት 1993 ከኦፕራ ዊንፍሬይ ጋር ባደረገው ቃለ መጠይቅ «ሁ ኢዝ ኢት»ን በአፉ ሲመታ ዓለም አይቶታል። ብዙዎች እንደ ትርኢት ተመለከቱት እንጂ የዕለት ተዕለት ሥራው ነበር። በ«ዴንጀረስ» ያ የግል የደብተር ጽሑፍ ታትሞ ወጣ።

ከዚያስ? በ1998 አቀናባሪው ቲምባላንድ ለዘፋኟ አሊያ በሠራው «አር ዩ ዛት ሰምባዲ» ውስጥ የሕፃን ድምፅ እንደ ከበሮ ገባ። በ2002 በጀስቲን ቲምበርሌክ «ክራይ ሚ ኤ ሪቨር» ውስጥ የቲምባላንድ አፍ ራሱ ምት ሆነ። ቲምባላንድ ከጃክሰን እግር ሥር ተቀምጦ ተማረ አልልም። ሆኖም ድምፅ ሁሉ፣ ትንፋሽም ሆነ የመኪና ጥሩምባ፣ በትልቅ ገበያ ዘፈን ውስጥ ከበሮ ሊሆን እንደሚችል አድማጭን ያስለመደው «ዴንጀረስ» ነው። ከዚህ ጋር አንድ የአሠራር ልማድ ተስፋፋ። የዓለም አንደኛ ኮከብ በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ ወጣት አቀናባሪ ጠርቶ የአልበሙን ግማሽ አስረከበው። በ1998 ማዶና ከዊሊያም ኦርቢት ጋር፣ በ2002 ቲምበርሌክ ከኔፕቲውንስና ከቲምባላንድ ጋር ያደረጉትም ከዚህ ጋር ይቀራረባል። ዛሬ «ቢቱን ማን ሠራው?» የሚለው ጥያቄ «ማን ዘፈነው?» ከሚለው እኩል ይጠየቃል።

«ለ» ገጹ የሚጀምረው በ«ሂል ዘ ወርልድ» ነው። እዚህ ጋ ለዘብ ብዬ ማለፍ አልችልም። ጃክሰን ከላየነል ሪቺ ጋር በ1985 የጻፈው «ዊ አር ዘ ወርልድ» የተዘፈነው በእኛ ረሃብ ምክንያት ነው። ያ ዘፈን ምክንያት ነበረው፣ ቦታ ነበረው፤ ገንዘቡም እህልና መድኃኒት ሆኗል። ይህን ውለታ የሚረሳ ሰው አይደለሁም። «ሂል ዘ ወርልድ» ግን የማንም ረሃብ ዘፈን አይደለም። የሚያዝንለት ሕፃን አገር የለውም፣ ስም የለውም፣ እናት የለውም። በራይሊ ግማሽ ውስጥ ላብ ያጠመቀው ሰው እዚህ ሐውልት ሆኖ ይቆማል። ከሁሉም የሚከፋው፣ ትንፋሹ ጠፍቷል፤ ያ ሁሉ ስቅታና ቁርጥ ታጥቦ ወጥቷል። የማይተነፍስ ሰው ስለ ሰው ልጅ ሲዘፍን መስማት ይከብዳል። የታዘነልን ሰዎች እንደመሆናችን ይህን ለመናገር ከማንም ይልቅ መብት አለን።

ከ«ዴንጀረስ» በኋላ ጃክሰን የማንንም መንገድ አልወሰነም። «ኢንቪንሲብል» (2001) ያንኑ ቀመር ደገመው፤ ራይሊ ተመልሷል፣ አዲሱ ወጣት ሮድኒ ጀርኪንስም ተጨምሯል። ነገር ግን የማሽኑ ምት እጅግ ስለጠነከረ ትንፋሹ የሚገባበት ክፍተት አላገኘም። ዘመኑ ጃክሰን ያስለመደውን አሠራር ይዞ ከጃክሰን አልፎ ሄዷል።

በሁለቱ አልበሞች መካከል ግን አንድ ዘፈን አለ። በመስከረም 1993፣ በ«ዴንጀረስ» ጉዞ ላይ ሳለ፣ ሞስኮ ውስጥ የተጻፈውና በ1995 «ሂስትሪ» ላይ የወጣው «ስትሬንጀር ኢን ሞስኮ» ነው። የከበሮው መሠረት የጃክሰን አፍ ነው። ምቱ ቀዝቃዛና ዝግ ያለ ነው፤ ከላዩ ስለ ብቸኝነት የሚዘፍን ድምፅ አለ። ከዚህ ዘፈን የተቀዳ ፋሽን አላውቅም። የትኛው አልበም የሙዚቃን አቅጣጫ ለመጨረሻ ጊዜ ወሰነ ሲሉኝ አሁንም መልሴ «ዴንጀረስ» ነው። በሌሊት ብቻዬን ስሆን የምከፍተው ግን ይህን ነው። ሌላ ከበሮ መቺ በሌለበት ክፍል ውስጥ አንድ ሰው ለራሱ መዝሙር ከበሮውን በገዛ አፉ ይመታል።