ድምፅና ዱላ፤ ስለ ዊልያም ሆጋርት አራት የምርጫ ሥዕሎች

እንግሊዛዊው ሠዓሊ ዊልያም ሆጋርት (1697–1764 እ.ኤ.አ.) በ1754 እና በ1755 የሠራቸው፣ የአንድ ምርጫን ሂደት ከግብዣው እስከ ድል ሰልፉ የሚተርኩ አራት የዘይት ቀለም ሥዕሎች ዛሬ በለንደን ከተማ በሰር ጆን ሶን ቤተ መዘክር ይገኛሉ። መጀመሪያ የገዛቸው የዘመኑ ታላቅ ተዋናይ ዴቪድ ጋሪክ ነበር፤ በ1823 ደግሞ አርኪቴክቱ ሶን ከጋሪክ ቤተሰብ ንብረት ሽያጭ ላይ ገዝቶ አስቀመጣቸው። ስለ እነርሱ የጻፉ ብዙ ሰዎች የቀልድ ሥራ እያሉ ያልፏቸዋል። ሣቅ እንዳለባቸው አይካድም። ይሁን እንጂ ሠዓሊው ያነሣው ጥያቄ ከሣቅ ያለፈ ነው፤ በአንድ አውራጃ አብሮ የኖረ፣ በአንድ ገበያ የሚገበያይ ሕዝብ ድምፅ ሊሰጥ ወጥቶ ስለምን በዱላ ይገናኛል?

ሥዕሎቹ የተነሡበት ታሪካዊ ሁኔታ የታወቀ ነው። በኦክስፎርድሽር አውራጃ ከ1710 ጀምሮ የፓርላማ ወንበሮች ያለ ውድድር ሲያዙ ቆይተው፣ በ1754 ዊግ እና ቶሪ የተባሉት ሁለት ወገኖች ለሁለቱ ወንበሮች አራት ዕጩዎች አቀረቡ። የመምረጥ መብት በዓመት አርባ ሽልንግ የሚያስገኝ መሬት ላለው ወንድ ብቻ የተወሰነ ነበር። መራጩ ድምፁን የሚሰጠው በአደባባይ ቆሞ በአንደበቱ ነው። ምስጢራዊ የድምፅ አሰጣጥ በእንግሊዝ የተደነገገው በ1872 ነውና፣ በዚያን ጊዜ ገበሬው የሚናገረውን ስም ባለርስቱም፣ አበዳሪውም፣ የመጠጥ ቤቱ ባለቤትም ቆመው ያዳምጡ ነበር። ይህን ያላወቀ ተመልካች የሥዕሎቹን ግማሽ ትርጉም ያጣል።

ለጠቡ ማገዶ የሆኑት ሁለት ጉዳዮች ነበሩ። አንደኛው በ1753 ወጥቶ በዚያው ዓመት የተሻረው፣ ባሕር ማዶ የተወለዱ አይሁዶች የክርስቲያን ቁርባን ሳይቀበሉ በፓርላማ በኩል ዜግነት እንዲያገኙ የሚፈቅደው ሕግ ነው። ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠሩ ለውጥ ነው፤ በ1752 ከሴፕቴምበር 2 ማግስት ሴፕቴምበር 14 ተብሎ ተቆጠረ፤ አሥራ አንድ ቀናት ከመዝገብ ወጡ። ከዊግ ዕጩዎች የአንደኛው፣ የሎርድ ፓርከር አባት ሥነ ፈለክ ያጠና መኮንን ስለነበርና ለአዲሱ አቆጣጠር መጽደቅ ብዙ ስለደከመ፣ ቶሪዎች ጉዳዩን ከልጁ ጋር አያይዘው አነሡት። (ሁለት የዘመን አቆጣጠር ጎን ለጎን ይዞ ለሚኖረው የእኛ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም፤ የቀን ቁጥር ከበዓል፣ ከደመወዝና ከዕዳ ጋር ሲተሳሰር ምን ያህል ሊያጨቃጭቅ እንደሚችል ያውቀዋል።)

የመጀመሪያው ሥዕል የዊጎችን ግብዣ ያሳያል። የጠረጴዛው አቀማመጥ ለብዙዎች የመጨረሻውን እራት የሚተርኩ የኢጣልያ ሥዕሎችን ያስታውሳል፤ በዚህ ማዕድ ላይ ግን የተቀደሰ ነገር የለም። ወጣቱ ዕጩ አንዲት ወፍራም አሮጊት በጆሮው ስታወራለት በትዕግሥት ያዳምጣል። ከንቲባው የባሕር ምግብ ከልክ በላይ በልቶ ራሱን ስቷል፤ ሐኪሙ ከክንዱ ደም ይቀዳለታል። ከመስኮቱ ውጭ የቶሪ ደጋፊዎች አይሁድን የሚያወግዝ ጽሑፍ የለበሰ ምስለ ሰው ተሸክመው ያልፋሉ፤ ከእነርሱ የተወረወረ ጡብ አንዱን የዊግ ሰው መትቶ ከወንበሩ ይጥለዋል። ከተቀናቃኝ የተነጠቀ ሰንደቅ ደግሞ ወለሉ ላይ ወድቆ ይታያል፤ አሥራ አንዱ ቀናት ይመለሱልን የሚል ጽሑፍ አለበት።

በዚህ ሰንደቅ ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል። ከሆጋርት በኋላ የመጡ ጸሐፍት፣ የእንግሊዝ ሕዝብ ዕድሜው አሥራ አንድ ቀን የተቀነሰበት መስሎት በየከተማው ሁከት አነሣ ብለው ለትውልድ አስተማሩ። በኋላ የተደረገ ምርምር ግን እንዲህ ያለ ሁከት ስለመነሣቱ የሚያረጋግጥ የሚታመን ማስረጃ አላገኘም፤ ለወሬው መስፋፋት አንዱ ምንጭ ይኸው ሥዕል ሆኖ ተገኘ። ለሽሙጥ የተሣለ ጨርቅ እንደ ሰነድ ተነበበ ማለት ነው። ምፀት ከአውዱ ወጥቶ ሲነበብ ያልተማረውን ሕዝብ ለመናቅ እንደሚውል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል። ሥዕልን የታሪክ ማስረጃ አድርጎ ወደ ክፍል የሚያስገባ መምህርም ሠዓሊው በማን ላይ እየሣቀ እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ይኖርበታል።

በእኔ አመለካከት ከአራቱ ሁሉ የሚበልጠው ሁለተኛው ነው። መሐል ላይ አንድ ገበሬ በሁለት የምርጫ ወኪሎች መካከል ቆሟል፤ ሁለቱም እጃቸውን ዘርግተዋል፤ እርሱም ከሁለቱም ይቀበላል። በስተቀኝ ሁለት ሰዎች በቢራ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፣ በ1739 አድሚራል ቨርነን የፖርቶ ቤሎን ወደብ እንዴት እንደያዘ በተሰበረ የትምባሆ ፒፓ ስብርባሪ እያሳዩ ይከራከራሉ፤ በአጠገባቸው የሚሆነውን አያዩትም። በስተኋላ ሕዝቡ የተቀናቃኙን ወገን መጠጥ ቤት ወሯል፤ አንደኛው ሰው የቤቱን ምልክት የተሸከመውን አግዳሚ እንጨት ራሱ ተቀምጦበት በመጋዝ ይቆርጣል።

ከሁሉ የበለጠ ልብ የሚነካው ግን ትንሽ ነገር ነው። የቶሪው ዕጩ በሰገነት ላይ ላሉ ሴቶች ስጦታ ይገዛል፤ ጌጣጌጡን የሚሸጥለት አይሁዳዊ ሱቅ በደረቴ ነው። በመጀመሪያው ሥዕል ምስሉ እየተሰደበ በአደባባይ የዞረው ሰው፣ እዚህ በሥጋው ቆሞ ከዚያው ወገን መሪ ጋር ይገበያያል። ዕጩው በሰውየው ላይ የግል ጥላቻ እንዳለው የሚያሳይ አንዳች ምልክት የለም። ጥላቻው ለሰልፍ የተዘጋጀ ዕቃ ነው፤ ሰልፈኛው ግን ከልቡ ይጮኻል። ሆጋርት ይህን በቃል አይናገረውም፤ ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን አኑሮ ለተመልካቹ ይተወዋል።

ሦስተኛው የድምፅ መስጫው ነው። እጁን በጦርነት ያጣ ወታደር ለመሐላ የብረት መንጠቆውን መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ሲያኖር ጠበቆች መሐላው ይጸናል አይጸናም ብለው ይከራከራሉ፤ ሊሞት የተቃረበ ሰው በሸክም ይመጣል። ወዲያ የብሪታንያ ምሳሌ የሆነችው ሴት የተሳፈረችበት ሠረገላ ተሰብሯል፤ አሽከርካሪዎቿ ካርታ ይጫወታሉ። ይህ የመጨረሻው ምሳሌ ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር የደከመ ነው፤ ሕያዋን ሰዎች በሞሉበት ሸራ ላይ አንዲት ጽንሰ ሐሳብ ልብስ ለብሳ መጥታለች።

በአራተኛው፣ አሸናፊው ቶሪ በወንበር ላይ ከፍ ተደርጎ ሲወሰድ ከበታቹ አንድ ባላገር በእህል መውቂያ ዱላ፣ አንድ የእንጨት እግር ያለው መርከበኛ በቆመጥ ይደባደባሉ። ተሸካሚው ይመታል፤ ወንበሩ ያዘነብላል፤ ከዕጩው ራስ በላይ ዝይ ይበራል፤ ይህም በጥንታውያን የድል ሥዕሎች ላይ ከጀግናው በላይ በሚያንዣብበው ንስር ላይ የተሠነዘረ ሽሙጥ ነው። እውነተኛው ውጤት ግን ከዚህ የከፋ ነበር። በድምፅ ብልጫ ያገኙት ቶሪዎች ሆነው ሳለ የምርጫው ሹም አራቱንም ዕጩዎች ተመርጠዋል ብሎ ላከ፤ ዊጎች የበዙበት ፓርላማ በ1755 ወንበሮቹን ለዊጎች ወሰነ። ያ ሁሉ የተፈነከተ ራስ ጉዳዩን አልወሰነውም።

እዚህ ላይ በሠዓሊው ላይ የምናቀርበው ሂስ አለ። ሆጋርት ሁለቱንም ወገኖች እኩል ይነቅፋል፤ ለዚህም ሲመሰገን ኖሯል። ነገር ግን ነቀፋው በሁለት ወገኖች መካከል እኩል ቢሆንም በላይና በታች ባሉት መካከል እኩል አይደለም። ያበጠ ፊት፣ የተሰበረ ጥርስና የሰከረ ዓይን የሚሰጠው በብዛት ለሚደባደበው ሕዝብ ነው። በአራተኛው ሥዕል የዊግ ታላላቅ ሰዎች ቤት ውስጥ ሆነው ግብዣቸው ሲቀርብላቸው ጠቡን በመስኮት ያያሉ፤ ሠዓሊው የሰጣቸው ግን ከሸራው ጥቂት ስፍራ ብቻ ነው። ሁሉም አንድ ናቸው የሚለው አስተያየት ለሠዓሊው ነጻነት ሰጥቶታል፤ ዳሩ ግን ጡቡን የወረወረውንና ለጡቡ የከፈለውን በአንድ ሚዛን አስቀምጧል።

ቢሆንም ዓይኑ ከአስተያየቱ ይልቅ ታማኝ ነው። ያ መስኮት ትንሽ ቢሆንም ተሥሏል፤ የአይሁዳዊው ሣጥንም ተከፍቷል፤ በሁለት ጉቦ መካከል የቆመው ገበሬም ፊቱ ላይ ለማን ድምፁን እንደሚሰጥ የሚነግር አንዳች ነገር አይነበብም።