ታኅሣሥ ገብርኤል በሐዋሳ

የገና ሰሞን ድምቀት ሲነሣ የፈረንሣይዋ ስትራስቡርግ ትጠቀሳለች፤ የገና ገበያዋ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1570 ጀምሮ ይታወቃል። ሐዋሳ ያን ያህል ዕድሜ የላትም፤ ታኅሣሥ 19 ቀን ግን የምታስተናግደው በዓል ከከተማዋ እጅግ የቀደመ ነው። ሠለስቱ ደቂቅ ከእቶን እሳት የዳኑበትን ቀን ለማሰብ ነጠላ የለበሰ ምእመን ወደ ቅዱስ ገብርኤል ይጎርፋል፤ ከሩቅ የመጣው ጃንጥላውንና ሻማውን ይዞ ስለቱን ያስገባል፣ ታቦቱም በእልልታ ይታጀባል። ልብ በሉ፣ በዓሉ የሚውለው በጾመ ነቢያት ነው፤ ሥጋም ቅቤም የለም። ያለ ክትፎ፣ በሽሮና በበያይነቱ እንዲህ መድመቁ ለእኔ ትልቁ ውበቱ ነው።

«በምሥራቅ ቁልቢ ገብርኤል እያለ ሐዋሳ ለምን?» የሚል አይጠፋም፤ በዓል የአልጋ ዋጋ ያስወድዳል የሚልም አለ። የኋለኛው ቅሬታ ተገቢ ነው፣ መፍትሔውም እንግዳን በአግባቡ ማስተናገድ እንጂ በዓሉን ማቃለል አይደለም። ለመጀመሪያው ግን መልሱ ቀላል ነው፦ እስከ ምሥራቅ መጓዝ አቅሙ ለማይፈቅድለት የደቡብ ሰው ሐዋሳ ቅርብ ናት፤ ስለትም በመንገድ ርዝመት አይመዘንም። ይህ ቀን ባይኖር ሐይቁም ሆቴሎቹም በቦታቸው ይቆያሉ፤ የማይተዋወቁ ሰዎች «እንኳን አብሮ አደረሰን» የሚባባሉበት ጎዳና ግን ይቀራል።