የብሌን ማገር

ክሮስ ሊንኪንግ የሚባለው የብሌን ሕክምና መነጽር አያስጥልም። ይህን ገና ቀጠሮ ሳልሰጥ እናገራለሁ፤ ከፍሎ፣ ሕመሙን ችሎ ካበቃ በኋላ «ታዲያ ዶክተር፣ ምን ተለወጠ?» የሚል አይጠፋም። የምንፈልገው እንዳይለወጥ ነው። በኬራቶኮነስ የዓይን ብሌን እየሳሳ ወደ ፊት ይሾላል፤ ሕክምናው ባለበት እንዲቆም ያደርገዋል፣ ሲቀና ደግሞ በትንሹ ጠፍጠፍ ያደርገዋል። ከዚያ በኋላም መነጽር ወይም ጠንካራ ኮንታክት ሌንስ ያስፈልጋል።

አሠራሩ ለላላ ግድግዳ ማገር እንደመጨመር ነው። በሪቦፍላቪን፣ ማለትም በቫይታሚን ቢ2፣ የራሰ ብሌን ላይ አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያርፍ፣ ኦክስጅንም ሲኖር፣ የኮላጅን ክሮቹ እርስ በርስ ይያያዛሉ። ስለ ዘዴዎቹ የሚነሳው ክርክር አብዛኛው ከዚህች ኦክስጅን ጋር የተያያዘ ነው።

ቮለንሳክ፣ ስፖርልና ዛይለር እ.ኤ.አ. በ2003 የ22 ሰዎችን 23 ዓይኖች ውጤት ካሳተሙ ወዲህ መለኪያችን የእነሱ፣ የድሬስደን የሚባለው ዘዴ ነው። ዓይኑ በጠብታ ይደነዝዛል፤ ከብሌኑ መሐል 9 ሚሊሜትር የሚያህለው ስስ ቆዳ በደነዘ ምላጭ ይፋቃል። ከዚያ ለ30 ደቂቃ በየጥቂት ደቂቃው ቢጫውን ጠብታ ማድረግ ነው። ቀላል ሥራ ቢመስልም ጥንቃቄው እዚህ ላይ ነው፦ ብሌኑ ቢያንስ 400 ማይክሮን ውፍረት ከሌለው ጨረሩ ከኋላው ያሉትን የማይተኩ ሕዋሳት ሊጎዳ ይችላል፤ ስለዚህ ይለካል። ቢጫው ዘልቆ ከብሌኑ ኋላ ባለው ውሃ ውስጥ መታየቱንም በሰማያዊ ብርሃን አረጋግጣለሁ። ሳላይ መብራቱን አላበራም። ቀጥሎ በካሬ ሴንቲሜትር 3 ሚሊዋት ጨረር ለ30 ደቂቃ። በሽተኛው መብራቷን አተኩሮ እያየ መተኛት አለበት፤ ለሕፃን ይህ ረጅም ነው።

ፈጣኑ ዘዴ የመጣው ይህን ለማሳጠር ነው። በሒሳብ ደረጃ 3 ሚሊዋት ለ30 ደቂቃ፣ 9 ሚሊዋት ለ10 ደቂቃ፣ 30 ሚሊዋት ለ3 ደቂቃ አንድ ናቸው፤ ሁሉም በካሬ ሴንቲሜትር 5.4 ጁል ይሰጣሉ። ብሌን ግን ሒሳብ አያውቅም። ጨረሩ ሲበረታ በውስጡ ያለው ኦክስጅን ከአየር ከሚገባው በፈጠነ ፍጥነት ያልቃል፤ ማያያዙም ጥልቀት ያጣል። በድሬስደኑ ዘዴ ከታከመ በኋላ በስሊት ላምፕ ማጉያ የምትታየው፣ ሕክምናው የደረሰበትን ጥልቀት ታሳያለች የምትባለው ቀጭን መስመር ወደ 300 ማይክሮን ጥልቀት ላይ ትገኛለች፤ በ3 ደቂቃው ከዚያ ባነሰ ጥልቀት ላይ ትቀራለች። ጨረሩን እያበሩ እያጠፉ ለኦክስጅን ፋታ መስጠትም የመጣው በዚህ ምክንያት ነው። 10 ደቂቃውን ያለ ሥጋት እጠቀማለሁ። 3 ደቂቃው ግን አልወደድኩትም።

ሦስተኛው ዘዴ ቆዳውን ሳይፍቁ መሥራት ነው። ሕመሙ ይቀንሳል፣ የኢንፌክሽን ሥጋቱም እንዲሁ። ችግሩ ያ ስስ ቆዳ ሪቦፍላቪኑን መከልከሉ፣ ከጨረሩ ከፊሉን ማስቀረቱ፣ ኦክስጅንም መጠቀሙ ነው። ስለዚህ የቆዩት ጥናቶች ላይ ውጤቱ በጥቅሉ ደከም ያለ ነው። አሁን ቆዳውን የሚያልፉ ጠብታዎችና ለዓይን ኦክስጅን የሚያቀርቡ መነጽሮች መጥተዋል፤ ክፍተቱን እያጠበቡት ነው።

በእኛ አገር ግን ምርጫውን የሚወስነው ሌላ ነገር ነው። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከክፍለ ሀገር፣ ዓይኑን የሚያሳክክ አለርጂ ይዞት ለዓመታት ሲያሽ የኖረ የ14 ዓመት ልጅ ነው። በዚህ ዕድሜ በሽታው ይፈጥናል። «ሳይፋቅ የሚሠራው አለ ሲሉ ሰምተናል» ይላል አባት።

«አለ፣ አባቴ። ለእሱ ግን አልመርጠውም።»

ደከም ያለው ሕክምና ባይዝ ይደገማል የሚባለው በሽተኛው በየስድስት ወሩ ተመልሶ ለሚለካበት አገር ነው። ይህ ልጅ ተመልሶ የሚመጣው ምናልባት ብሌኑ ጠባሳ ካወጣ በኋላ ይሆናል፤ ያኔ የሚቀረው ንቅለ ተከላ ነው። ስለዚህ እፍቃለሁ፣ ረጅሙንም እመርጣለሁ። በምትኩ ሁለት ነገር አስገድዳለሁ፦ አለርጂው በመድኃኒት ሳይረጋ አይሠራም፤ ከተሠራም በኋላ ቆዳው እስኪገጥም፣ ከአራት አምስት ቀን ያላነሰ፣ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ይቆያል። ክፍት ቁስል ይዞ በአቧራ መንገድ መሄድ የዳነውን ዓይን መልሶ ማጥፋት ነው። ማሸቱ ካልቆመ ደግሞ የትኛውም ዘዴ አይበቃም፤ ይህን ለእናትየው ለብቻ እነግራለሁ፣ ማታ ሲያሽ የምታየው እሷ ናትና።

የ38 ዓመት ሰው ሲመጣ ነገሩ ይገለበጣል። በዚህ ዕድሜ በሽታው ብዙ ጊዜ በራሱ ስለሚረጋ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ የሾለው ቦታ ቢያንስ 1 ዳዮፕተር መጨመሩን ካላየሁ አልነካውም፤ ቢከፍልም፣ ቢለምንም። ልኬቱ በአንድ ዓይነት መሣሪያ መሆን አለበት። ኮንታክት ሌንስ የሚያደርግ ከሆነም አውልቆ ሰንብቶ እንዲመለስ እልከዋለሁ፤ ሌንሱ ብሌኑን ስለሚጫነው የዚያን ቀን ልኬት ከአምናው ጋር ማስተያየት አይቻልም።