ፊልሙ ያልቆጠረው ወጪ፦ «ስፔር ፓርትስ»ን በሮቦት ሠሪ ተማሪ ዓይን

ስለ ሮቦት የተሠሩ ፊልሞች ሞልተዋል። ለሮቦት መሥሪያ የሚሆን ገንዘብ ስለ መፈለግ የተሠራ ፊልም ግን ስንት ታውቃላችሁ? እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው «ስፔር ፓርትስ» (በእኛ ቋንቋ «መለዋወጫ» ልንለው እንችላለን) ከጥቂቶቹ አንዱ ነው። ፊልሙ በሮቦቲክስ ክበብ ላሉ ተማሪዎች ጥሩ ማነቃቂያ ነው፤ እዩት። ግን አንድ ነገር በተሳሳተ መንገድ ያስተምራል፣ እሱም ሂሳቡ ነው።

ታሪኩ እውነተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በአሪዞና፣ ፊኒክስ ከተማ ካርል ሄይደን ከሚባል የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመጡ አራት ልጆች በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ባርባራ በተካሄደ የውሃ ውስጥ ሮቦቶች ውድድር ተሳተፉ። ልጆቹ ኦስካር ቫስኬዝ፣ ክርስቲያን አርሴጋ፣ ሎሬንዞ ሳንቲያን እና ሉዊስ አራንዳ ይባላሉ። ከእኩዮቻቸው ጋር ሳይሆን ዩኒቨርሲቲዎች ባሉበት ከፍተኛው ምድብ ተመዘገቡ። የሰበሰቡት ጥሬ ገንዘብ 1,000 ዶላር አይሞላም ነበር፤ ከተፎካካሪዎቻቸው አንዱ የነበረው የኤም.አይ.ቲ. ቡድን ደግሞ ከ10,000 ዶላር በላይ ይዞ ነው የመጣው። ሮቦታቸውን ከፒቪሲ ቱቦ ሠሩት፣ በማጣበቂያው ሽታ ምክንያትም «ስቲንኪ» (ግም) ብለው ሰየሙት። በመጨረሻም አሸነፉ።

ደስ አይልም? ይላል። ዳይሬክተሩ ሾን ማክናማራ ይህን ደስታ በደንብ ያውቅበታል። በተለይ ልጆቹ በየድርጅቱ በር እያንኳኩ ስፖንሰር የሚለምኑባቸው ትዕይንቶች እውነትነት አላቸው። ደብዳቤ ይዞ የአንድን ሥራ አስኪያጅ ጸሐፊ ደጅ የጠና ማንም ተማሪ እዚያ ራሱን ያያል። ሮቦቱ ውሃ ሲያስገባ ልጆቹ ኤሌክትሮኒክሱ ወዳለበት ሳጥን የሴቶች የወር አበባ መምጠጫ ጥጥ መክተታቸውም በእውነት የሆነ ነው። ቀልድ ቢመስልም ጥሩ ምሕንድስና ነው፦ የገባው ውሃ ሽቦዎቹ ጋ ደርሶ ሾርት ከማድረጉ በፊት ፈሳሽ በመምጠጥ የሚታወቅ ርካሽ ዕቃ ተገኘለት።

ቅሬታዬ ከዚህ በኋላ ይጀምራል።

አንደኛ፣ አስተማሪው። በፊልሙ ውስጥ ጆርጅ ሎፔዝ የሚጫወተው ፍሬዲ ካሜሮን ሥራ ያጣ መሐንዲስ ነው፤ በተተኪ መምህርነት ይገባና ሳያስበው ከክበቡ ጋር ይተሳሰራል። እንዲህ ያለ ሰው አልነበረም። የነበሩት ሁለት መምህራን ናቸው፦ ፍሬዲ ላጅቫርዲ እና አለን ካሜሮን። ሁለቱም በአጋጣሚ የመጡ አይደሉም፤ በትምህርት ቤቱ ለዓመታት ያስተማሩ ነበሩ። ሁለት ሰዎችን አንድ ማድረግ በፊልም የተለመደ ነው፣ ይሁን። ግን ለውጡ አንድ ትልቅ ወጪ ደብቋል። ከሰዓት በኋላና ቅዳሜ ሳይከፈላቸው ከተማሪ ጋር የሚያመሹ ሁለት መምህራን የፕሮጀክቱ ትልቁ «ስፖንሰር» ናቸው። የእነሱን ሰዓት በገንዘብ ብትተምኑት ከፒቪሲ ቱቦው ብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ሁለተኛ፣ ገንዘቡ ራሱ። ፊልሙ ትንሿን ድምር ደጋግሞ ስለሚያነሳ ተመልካቹ «በቃ፣ በትንሽ ብርም ይቻላል» ብሎ ይወጣል። እስቲ አብረን እንቁጠር። የትምህርት ቤቱ ክፍልና መሣሪያ፣ መለማመጃ መዋኛ ገንዳ፣ ወደ ሌላ ግዛት መጓጓዣ፣ በነፃ የተገኙ ዕቃዎች፣ የባለሙያ ምክር። ጆሹዋ ዴቪስ መጀመሪያ በመጽሔት፣ ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ2014 በመጽሐፍ እንደጻፈው ልጆቹ ስልክ አንስተው ባለሙያዎችን ይጠይቁ ነበር። የውሃውን ሙቀት በምን እንለካ ብለው ሙቀት መለኪያ የሚያመርት ድርጅት ባለሙያ ዘንድ ደውለዋል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ የጀመሩት «ገንዘብ ስጡን» ብለው አይደለም፣ ቁርጥ ያለ የቴክኒክ ጥያቄ ይዘው ነው። ሥራውን የሚወድ ባለሙያ ደግሞ ጥሩ ጥያቄ ይዞ ለመጣ ልጅ ጊዜውን አይነፍግም።

እውቀት ዕቃን እንዴት እንደሚተካ የሚያሳይ አንድ ምሳሌ ልጨምር። ልጆቹ በውሃ ውስጥ ርቀት ለመለካት በሌዘር ተጠቀሙ። ሌዘር ሜትር የሚሠራው ብርሃኑ ሄዶ እስኪመለስ የሚወስደውን ጊዜ ወደ ርቀት በመቀየር ነው፣ ስሌቱም ለአየር የተዘጋጀ ነው። ብርሃን በውሃ ውስጥ ከአየሩ በ1.33 ጊዜ ያህል ይዘገያል። ስለዚህ 3 ሜትር የራቀ ነገር መለኪያው ላይ 4 ሜትር ሆኖ ይነበባል። መፍትሔው? የተነበበውን ለ1.33 ማካፈል። ለውሃ ተብሎ የተሠራ ውድ መለኪያ መግዛት ሳያስፈልግ የፊዚክስ መጽሐፍ ብቻ በቃ።

ሦስተኛ፣ ፊልሙ ልባችንን የሚያስመታው ገንዳው ጋ ነው። የውድድሩ ነጥብ ግን ከገንዳው ብቻ አልነበረም፤ የጽሑፍ ሪፖርትና በዳኞች ፊት የሚቀርብ የቃል ማብራሪያም ይቆጠራሉ። ካርል ሄይደን በቴክኒክ ጽሑፍ ሽልማትም ወስዷል። ይሄ ለፊልም አሰልቺ ነው፣ እስማማለሁ፤ ማን ሰው ሲጽፍ ማየት ይፈልጋል? ገንዘብ ለሚፈልግ ተማሪ ግን ቁልፉ እዚህ ነው። የሠራውን በሦስት ገጽ ግልጽ አድርጎ መጻፍ የሚችል ቡድን ለዳኛም ለስፖንሰርም ያንኑ ወረቀት ያቀርባል።

«ድህነት ፈጠራን ይወልዳል» የሚለውን ሐሳብ ሙሉ በሙሉ አልጥልም። እ.ኤ.አ. በ2012 ከጋናው አሸሲ ዩኒቨርሲቲ አዮርኮር ኮርሳ እና ከበርክሊ ኬን ጎልድበርግ ያቋቋሙት የአፍሪካ ሮቦቲክስ መረብ የ10 ዶላር ሮቦት ውድድር አዘጋጅቶ ነበር። ከአሸናፊዎቹ አንዱ የቶማስ ቲሊ «ሎሊቦት» ነበር፤ ዋጋው 8.96 ዶላር። የጌም መጫወቻ መቆጣጠሪያ ውስጥ ያሉትን የሚያንዘፈዝፉ ትንንሽ ዲናሞዎች ለጎማ መንጃ አደረጋቸው፣ ሚዛን እንዲጠብቅለት ደግሞ ሁለት ባለ እንጨት ከረሜላ ሰካበት። ድንቅ ነው! ነገር ግን 8.96 የዕቃው ዋጋ ነው፤ የሠሪው የዓመታት እውቀት እዚያ ሂሳብ ውስጥ አልገባም።

ገንዘብ ወይም ዕቃ ተገኝቶም የሚቀር እንቅፋት አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 ለመጀመሪያው ፈርስት ግሎባል ውድድር የአፍጋኒስታን ልጃገረዶች ቡድን እንደ ሌሎቹ አገሮች ሁሉ የዕቃ ሳጥን ተልኮለት ነበር። ሳጥኑ ጉምሩክ ላይ ለወራት ቆየባቸው፣ ቪዛም መጀመሪያ ተከለከሉ። በመጨረሻ ሄደው ተሳተፉ። እዚህ አገር ከውጭ ዕቃ አዝዞ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ አይደነቅም። የአንድ ዕቃ ዋጋ ከመደብሩ ዋጋ በተጨማሪ ማጓጓዣው፣ ቀረጡና የጠፋው ጊዜም ጭምር ነው። ሊቲየም ባትሪ ደግሞ እሳት ስለሚያሰጋ በአውሮፕላን ሲላክ ጥብቅ ደንብ አለው።

ታዲያ የእኛ ተማሪ ከዚህ ሁሉ ምን ይውሰድ? የሚፈልገውን በሦስት ይክፈል፦ የሚገዛ፣ የሚዋስ፣ ተፈትቶ የሚገኝ። የተጣለ ፕሪንተር ውስጥ ስቴፐር ሞተር፣ ጥርስና ቀበቶ አለ፤ ምናለሽ ተራን የሚያውቅ ያውቀዋል። ኦሲሎስኮፕ አይገዛም፤ ከትምህርት ቤቱ የትብብር ደብዳቤ ይዞ በአቅራቢያው ያለ ዩኒቨርሲቲ ወይም ቴክኒክ ኮሌጅ ላብራቶሪ ይጠየቃል። የሚገዛው ደግሞ ፕሮፎርማ ይሰበሰብለታል። ለስፖንሰር «እርዱን» ከማለት «እነዚህ አራት ዕቃዎች፣ በዚህ ዋጋ፣ ለዚህ ሥራ» ማለት ይሻላል። እስኪገኝም ፕሮግራሙ እንደ ጋዜቦ ባለ ነፃ ማስመሰያ ሶፍትዌር ላይ ይሞከራል።

የመጨረሻው ቅሬታዬ ከሁሉ ይከብዳል። ፊልሙ በድሉ ደስታ ነው የሚሸኘን። በእውነቱ ዓለም የአሪዞና መራጮች እ.ኤ.አ. በ2006 ባጸደቁት ሕግ ምክንያት የመኖሪያ ወረቀት የሌላቸው ተማሪዎች የግዛቱ ነዋሪ ከሚከፍለው እጅግ የላቀ ክፍያ ተጠየቁ፤ ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲውን አቋረጠ። ኦስካር በምሕንድስና ተመርቆ ሥራ መያዝ ስላልቻለ እ.ኤ.አ. በ2009 ወረቀቱን ለማስተካከል ወደ ሜክሲኮ ተመለሰ፤ በቀጣዩ ዓመት ተፈቅዶለት ሲገባ የአሜሪካ ጦርን ተቀላቀለ። ለሮቦቱ ገንዘብ ተገኘ፤ ለሠሪዎቹ ግን አልተገኘም።

ስለዚህ «ስፔር ፓርትስ»ን ከክበባችሁ ጋር እዩት፣ ሳቁበት፣ ተነቃቁበት። ሲያልቅ ግን አንድ ወረቀት አውጡና በጥሬ ገንዘብ ያልተቆጠረውን ሁሉ ጻፉ፦ የማን ሰዓት፣ የማን ክፍል፣ የማን ስልክ፣ የማን ገንዳ። ከዚያ ጎን ለጎን የእናንተን ሰፈር ሰዎችና ተቋማት ስም ጻፉ። ባዶ የቀረው መስመር መጀመሪያ የምታንኳኩትን በር ያሳያችኋል። ገንዘብ ለሚሰጥ ሰው ደግሞ «ልጆቹ በ800 ዶላር ሠርተዋል እኮ» የሚል ምክንያት ሲያቀርብላችሁ ያንን ወረቀት አሳዩት።