ሳይጠየቅ የቀረው መንገደኛ፤ በእንግሊዝ አገር አውራ ጎዳናዎች ላይ ስለ ተደረገው የመሣሪያ ተከላ የቀረበ ሒስ

ቀንና ሌሊት መኪና የሚመላለስበትን አውራ ጎዳና ፈጽሞ ሳይዘጉ ገመድ መቅበር፤ የብረት ዓምድ ማቆም፤ ካሜራና ራዳር መስቀል ከባድ ሥራ ነው። ስለዚህ ዓይነት ሥራ የሚጽፉ ሰዎች ምስጋናቸውን የሚያሳርፉት አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ነገር ላይ ነው፤ ይኸውም መንገደኛው ብዙ ሳይጉላላ ሥራው በመፈጸሙ ነው። እኛም ይህን ምስጋና አንቃወምም። ነገር ግን መንገደኛው እንዳይጉላላ መጠንቀቅና መንገደኛውን ማማከር እንደ አንድ ነገር ሲቆጠሩ ስላየን፤ ሁለቱ ልዩ ልዩ መሆናቸውን ለማሳየት ይህን ጽፈናል። ለምርመራችን የወሰድነው እንግሊዞች «ስማርት ሞተርዌይ» ብለው የሰየሙትን መንገድ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ተጀመረ። በ2006 በበርሚንግሃም ከተማ አጠገብ በሚያልፈው ኤም 42 በተባለው ጎዳና ላይ፤ መኪና ሲበዛ ብቻ የመንገዱ ትከሻ ለመኪና እንዲከፈት ተደረገ። የመንገድ ትከሻ የምንለው መኪናው የተበላሸበት ሰው ዳር ወጥቶ የሚቆምበትን ክፍል ነው። ትከሻው ሲከፈትና ሲዘጋ ከመንገዱ በላይ በተዘረጉ የብረት ማማዎች ላይ ያሉት የኤሌክትሪክ ሰሌዳዎች ለነጂው ይነግሩታል። በተጨማሪም በየ500 ሜትሩ ገደማ የአደጋ መጠጊያ ተሠርቶ ነበር። ሙከራው ደኅና ውጤት ሰጠ ተባለ። ከዚያ በኋላ ግን በ2014 ለንደንን በሚከበው በኤም 25 ላይ ትከሻው ለዘወትር የመኪና መስመር ሆነ፤ በአዲሱም ሥርዓት ከአንዱ መጠጊያ እስከ ሌላው ያለው ርቀት እስከ 2.5 ኪሎ ሜትር እንዲደርስ ተፈቀደ። መሬት ገዝቶ ጎዳናውን ከማስፋት ይልቅ ይህ በገንዘብም በጊዜም የሚቀል ነበር። የተሞከረው አንድ፤ የተስፋፋው ግን ሌላ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

አሁን ወደ ሥራው አመራር እንምጣ፤ ምክንያቱም ሊመሰገን የሚገባው እዚህ ላይ ነው። መስመር የሚያዘጋው ሥራ በብዛት የሚሠራው ሌሊት ነው። ቀን ቀን መስመሮቹ ጠበብ ተደርገው በብረት ወይም በኮንክሪት አጥር ከሠራተኞቹ ይለያሉ፤ ፍጥነቱም በሰዓት ከ50 ማይል፤ ማለት ከ80 ኪሎ ሜትር እንዳይበልጥ ይታዘዛል። ነጂው ካሜራ ሲያይ ብቻ ቀዝቀዝ ብሎ ሲያልፈው እንዳይፈተለክ፤ ካሜራዎቹ የሚመዝኑት በሁለት ቦታዎች መካከል የነዳውን አማካይ ፍጥነት ነው። በሥራው ክልል ውስጥ መኪና ቢበላሽ ጎታች መኪና ያለ ዋጋ መጥቶ ያወጣዋል። ለገናና ለሌሎች በዓላት ሕዝቡ ወደ ዘመዶቹ ሲሄድ ኮኖቹ በብዙ ቦታ ይነሣሉ። በ2020 ደግሞ አደጋ በማያመጣበት ስፍራ የፍጥነቱ ወሰን ወደ 60 ማይል ከፍ እንዲል ተፈቀደ። ይህን የፈቀዱት ባዶ መንገድ ላይ ተጎትቶ መንዳት ነጂውን የሚያናድደው መሆኑን ተረድተው ነው፤ የተናደደ ነጂ ደግሞ ለሠራተኛው የሚያሠጋ መሆኑን ለመገመት ብዙ ምርምር አያሻም።

ከሁሉ ይልቅ የሚጠቀሰው ከለንደን ወደ ምዕራብ የሚሄደው ኤም 4 ነው። በዚያ 51 ኪሎ ሜትር ያህል በሚሆን ርቀት ላይ በ2018 የተጀመረው ሥራ በ2022 መጨረሻ አልቋል። በላዩ የሚያልፉትን ድልድዮች አፍርሶ እንደ ገና መሥራት ስላስፈለገ፤ ጎዳናው ለቅዳሜና ለእሑድ ጨርሶ የተዘጋበት ጊዜ ነበር። መዝጊያው ቀን አስቀድሞ ይታወጃል፤ ተለዋጭ መንገድ ይመለከታል፤ የጭነት መኪና ባለቤቶችና የአምቡላንስ ሰዎች ይነገራቸዋል። እንደ እኛ አስተያየት ለሁለት ቀን ፈጽሞ መዝጋት ለወራት በጠባብ መስመር ከማንጓተት ይሻላል፤ ለሠራተኛውም የሚያስተማምን ነው። ሆኖም በተለዋጩ መንገድ ዳር ቤት ያለው ሰው ሌሊቱን ሙሉ የካሚዮን ድምፅ ሲሰማ ያድራል፤ እርሱ ደግሞ ከአዲሱ መስመር የሚያገኘው ትርፍ ጥቂት ነው። ኤም 4 ሥራው ሰፊ ስለ ነበረ በሕግ የታወቀ ምርመራ ተደርጎበት፤ ተቃዋሚም ተሰምቶ፤ ፈቃዱ የተሰጠው በ2016 ነበር። ከሌሎቹ ጎዳናዎች ብዙዎቹ ግን ሥራቸው ከነባሩ ወሰን ስለማይወጣ እንዲህ ያለ ምርመራ አላለፉም።

እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው። ባለጉዳይ የተባለው ማን ነበር? የተጠየቀውስ ምን ተብሎ ነው? ለወረዳው ምክር ቤት፤ ለጭነት ማኅበሩ፤ በአጥቢያው ለሚኖረው ሰው የሚቀርበው ጥያቄ መንገዱ መቼና እንዴት ይዘጋ የሚል ነው። መንገዱ ሲከፈት በላዩ ላይ ምን ተተክሎ ይገኛል የሚለው ጥያቄ ግን በመሐንዲሶች ዘንድ ያለቀ ነበር። ከባለጉዳዮቹ መካከል ደግሞ በስብሰባ የማይገኝ አንድ ሰው አለ፤ እርሱም ወደ ፊት በአራተኛው ዓመት በአንዱ ሌሊት ትከሻ በሌለው መስመር መካከል መኪናው የሚቆምበት ነው። ይህ ሰው ማን እንደሚሆን አስቀድሞ አይታወቅም፤ ስለዚህም ደብዳቤ አይጻፍለትም።

ስለ እርሱ ሊናገሩ የሚችሉ ሰዎች ግን ነበሩ። መኪና የሚጠግኑና የሚጎትቱ ሰዎች መስመሩ ሳይዘጋላቸው በሚነዳበት መንገድ መካከል ቆመው መሥራት አይችሉም። አምቡላንስና የእሳት አደጋ መኪናም መኪናው ተጠባብቆ ሲቆም የሚያልፉበት ትከሻ የለም። በ2016 የእንግሊዝ ፓርላማ የትራንስፖርት ኮሚቴ ይህን ሁሉ ሰምቶ ሥራው እንዲቆም አሳሰበ። በዚያን ጊዜ የቆመ መኪና የሚያገኝ ራዳር ወደ ፊት በሚሠሩት ጎዳናዎች ሁሉ የሥራው ክፍል ይሆናል ተብሎ ለኮሚቴው ተነገረው። ጎዳናዎቹ ግን ራዳሩ ሳይተከል መከፈታቸውን ቀጠሉ።

በሰኔ 2019 በሼፊልድ አጠገብ በኤም 1 ላይ ሁለት ሰዎች መኪናዎቻቸው ጥቂት ስለ ተጋጩ፤ ትከሻ ባለመኖሩ እዚያው መስመር ላይ ቆመው ሲነጋገሩ ካሚዮን ገጭቶ ገደላቸው። በ2021 የሞቱን ምክንያት የመረመረው ዳኛ ዋናው ጥፋት የካሚዮኑ ነጂ አለመጠንቀቅ መሆኑን ገልጾ፤ የትከሻው መጥፋት ግን ለአደጋው ምክንያት መጨመሩን መሰከረ። በዚህ መካከል በመጋቢት 2020 መንግሥት ባወጣው ዕቅድ ራዳሩ በ36 ወር ውስጥ በሁሉም ላይ እንዲተከል፤ መጠጊያዎቹ በሚራራቁበት ስፍራ የመንገድ ጠባቂዎች መድረሻ ከ17 ደቂቃ ወደ 10 ደቂቃ እንዲያጥር ታዘዘ። ጊዜውም ኋላ ወደ መስከረም 2022 ተፋጠነ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፤ የሥራ አመራር ተማሪ ሊያየው የሚገባው ይህ ነውና። ራዳሩ የተተከለው ከተከፈተ በኋላ በመሆኑ፤ ኮኖቹ በዚያው ኪሎ ሜትር ላይ እንደ ገና ተደረደሩ፤ መስመሩም እንደ ገና በሌሊት ተዘጋ። በ2022 ደግሞ ከ150 በላይ የሆኑ ተጨማሪ መጠጊያዎች እንዲሠሩ 390 ሚሊዮን ፓውንድ ተመደበ፤ ይኸውም በብዙ ቦታ ለሦስተኛ ጊዜ መቆፈር ማለት ነው። በየጊዜው የወጣው ማስታወቂያ ስለ መጉላላቱ ይቅርታ ይጠይቃል። ነገር ግን ሁለተኛውና ሦስተኛው መጉላላት በ2016 ከተሰጠው ምላሽ የተወለደ እንጂ ከሥራው ጠባይ የመጣ አልነበረም። የመጀመሪያውን ሥራ ከሰባት ወር ወደ ስድስት ወር ማሳጠር መልካም ነው፤ መንገዱ ሦስት ጊዜ ከተዘጋ ግን የዳነው አንድ ወር የት ገባ?

የሚከራከሩን ሰዎች ሁለት መልስ አላቸው። አንደኛው፤ ትከሻውም ራሱ የሞት ስፍራ ነበረ የሚል ነው። እውነት ነው፤ በእንግሊዝ አውራ ጎዳናዎች ከሚሞቱት ከ12ቱ አንዱ የሚሞተው በትከሻው ላይ መሆኑን የ2020ው ጥናት ይጠቅሳል፤ በዚሁ ጥናት ብዙ ሌሎች አደጋዎች በአዲሱ መንገድ ቀንሰዋል፤ ከቆመ መኪና ጋር መጋጨት ግን ጨምሯል። ስለዚህ መንገዱ ሁሉ ክፉ ነው ብለን አልተነሣንም። ሁለተኛው መልስ፤ ራዳሩ ገና አልበሰለም ነበር የሚል ነው። ይህ ከፊተኛው የበረታ መልስ ነው፤ በ2022 እንኳ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የራዳሩ አሠራር ከታሰበው በታች መሆኑን ገልጿል። ቢሆንም መሣሪያው ካልበሰለ መስመሩ የሚከፈትበት ቀን መጠበቅ ይችል ነበር። የተመረጠው መንገዱን ከፍቶ መሣሪያውን መጠበቅ ነው፤ በመጠበቂያውም ጊዜ የአደጋውን ዕዳ የተሸከመው ሳይጠየቅ የቀረው መንገደኛ ነበር።

በኅዳር 2021 ኮሚቴው እንደ ገና ሥራው እንዲቆም ጠየቀ፤ በጥር 2022 መንግሥት አቆመው፤ በሚያዝያ 2023 ደግሞ ወጪውንና የሕዝቡን አለመተማመን ምክንያት አድርጎ አዲሶቹን ሁሉ ሰረዘ። ሁለት ብቻ ቀሩ፤ በዋሪንግተንና በዊጋን መካከል ያለው ኤም 6ና በማንቸስተር አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ያለው ኤም 56። እነዚህ ከሦስት አራተኛ በላይ ተሠርተው ስለ ነበረ ቢተዉ መልሶ ማፍረሱ ራሱ መንገደኛውን ያጉላላል ተባለ። በእነዚህ ላይ ራዳሩ ከመከፈቱ በፊት ተተከለ።